ለአሮጌ ሰርቨር ቀላል አንቲቫይረስ? መጀመሪያ ስልካችሁን ንቀሉ

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ክሊኒክ ባለቤት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያቺ ሰርቨር መንፏቀቅ ጀምራለች። ቀለል ያለ አንቲቫይረስ ፈልግልኝ እስቲ።»

ሄድኩ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ነው፤ ራሟ 2 ጊጋ ብቻ። የስንት ዓመት የታካሚ መረጃ ውስጧ አለ፣ የእኔም የእናቴም ጭምር። ዩኤስቢዋ ላይ ደግሞ የካርድ ክፍሏ ልጅ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ሰርቨር ነው!» አልኳት።

«ሶኬቱ ተበላሽቶ ነዋ!»

እኛ ስልክ ላይ ያደግን ልጆች አፕ ከከበደን «ላይት» የሚለውን እናወርዳለን። ፌስቡክ ላይት አለ፣ አንቲቫይረስ ላይትም ይኖራላ! ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንቲቫይረስን የሚያከብደው የሚያውቃቸው ቫይረሶች ዝርዝር ነው። ነፃ የሆነው ክላምኤቪ እንኳ ዝርዝሩን ራም ላይ ሲጭን ከ1 ጊጋ በላይ ይወስዳል። 2 ጊጋ ላላት ማሽን ግማሽ ጎኗ ሄደ ማለት ነው። ለቤት የሚሰጡት ነፃ አንቲቫይረሶች ብዙዎቹ ሰርቨር ላይ አንጫንም ይላሉ፤ አዳዲሶቹ ደግሞ አሮጌ ዊንዶውስ አይቀበሉም። የሚቀረው በፍላሽ የሚዞረው ክራክ ነው። ክራኩ ሲጫን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምንድን ነው? «አንቲቫይረስህን አጥፋ።» አይ፣ ይቅርብኝ።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። የዚህ ዊንዶውስ መደበኛ ድጋፍ ጥር 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020) አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቀዳዳ ለተጨማሪ ድጋፍ ላልከፈለ ሰው አልተደፈነለትም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ቀጠሮ ያሰረዘው ማንም ሊንክ ስለነካ አልነበረም፤ በዊንዶውስ የፋይል ማጋሪያ ቀዳዳ በኔትወርክ ከማሽን ማሽን እየዘለለ ነው። መድፈኛው ግን ከ2 ወር በፊት ወጥቶ ነበር።

ማሽኗን ስከፍታት ሳቄ መጣ። ሁለት አንቲቫይረስ ተጭኖባታል! አንዱ ፈቃዱ ካለቀ ቆይቷል፣ ሌላው በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ከእሱ ጋር ይሻማል። የምትንፏቀቀው ለዚህ ነው። ሁለቱንም አነሳኋቸው።

«እንዴ፣ ያለ አንቲቫይረስ?» አሉ ባለቤቱ።

አዎ ጋሼ። መጀመሪያ መረጃውን ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጬ ዲስኩን ነቀልኩት፤ ተሰክቶ ከቆየ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል። ቀጥሎ የሰርቨሯን ዲስክ ፈትቼ በራሴ ላፕቶፕ ፈተሽኩት። ሸክሙ ላፕቶፔ ላይ ወደቀ፣ ያው የፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ተገኘ፣ ጠረግኩት። ኢንተርኔቷን ቆረጥኩ፣ አሮጌውን የፋይል ማጋሪያ ኤስኤምቢ1ን ዘጋሁ። ከዚያ ከእነ ጭራሹ እዚያው ተቀምጦ ማንም ያልነካውን አፕሎከርን አበራሁት፤ ከተፈቀዱት ፕሮግራሞች ውጭ ከፍላሽ የመጣ ነገር አይነሳም። የቫይረስ ዝርዝር ስለማይፈልግ ራም አይበላም። ሁሉም በአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ ነበር የሚገቡት፤ እሱን ካላስተካከልኩ አፕሎከሩም ከንቱ ነበር። አሁን የካርድ ክፍሉ አዲስ ኮምፒውተር በየቅዳሜው ማታ ፋይሎቿን በኔትወርክ ይፈትሻል።

የእናንተ ሰርቨር ግን ከኢንተርኔት መውጣት ካልቻለ አንቲቫይረስ ግድ ነው። አምራቹ የእናንተን የዊንዶውስ ቁጥር ለይቶ «እደግፋለሁ» ያለውን፣ ዝርዝሩም ዛሬ ድረስ የሚታደሰውን ምረጡ። ሙሉ ፍተሻውን ለሌሊት አድርጉት፤ የዳታቤዙን ፋይል በየደቂቃው እንዳይከፍት ከጥበቃው አስወጡት። አንድ ብቻ ይበቃል።

ባለቤቱ ለስንት ጊዜ እንደምትቆይ ጠየቁኝ። ለወራት እንጂ ለዓመታት አልልም፤ ያገለገለ 8 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ገዝተን ወደ ሊኑክስ እናዛውረው አልኳቸው። «ከፋሲካ በኋላ» አሉ። እኔም ስወጣ ከጎን ሱቅ ማከፋፈያ ገዝቼ ለልጅቷ ሰጠኋት። ስልኳ አሁን ግድግዳው ላይ ነው የሚሰካው።