ከአበባው ጋር መነሣት ወይስ አበባውን ማንሣት?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን ጎዳና ይዞ ሐሙሲትን የሚያልፍና የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ የሚደርስ መንገደኛ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በቢጫ ቀለም ላይ ነው። በየጓሮው አጥር የዱባ አበባ፣ በየማሳው ድንበር አደይ አበባ፣ ዘግየት ብሎም ኑግ ይፈካል። ወቅቱ የፎቶግራፍ ወቅት ጭምር ነው፤ በአደይ መካከል ቆሞ ፎቶ መነሣት የአዲስ ዓመት ወግ ከሆነ ሰንብቷል። ወጉን አንነቅፍም። ሆኖም በእነዚያ ሁሉ ፎቶዎች ውስጥ አበባው የሰው ጌጥ እንጂ የሚጠና ነገር ሆኖ አይታይም። የሳይንስ ተማሪ ግን ጀርባውን ለአበባው ሰጥቶ ከመቆም አልፎ ፊቱን ወደ አበባው ማዞር ይገባዋል እንላለን።

ለመሆኑ ቀርበን ብናነሣው ምን እናገኛለን? አደይን እንመልከት። በተለምዶ «አንድ አበባ» የምንለው በቅርበት ሲነሣ አንድ ሳይሆን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ሆኖ ይገኛል። በጠርዙ ዙሪያ የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ በአደይ ወገን ብዙውን ጊዜ ፍሬ አያፈሩም፣ ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው። ፍሬ የሚሰጡት መሐል ላይ ተጨናንቀው የቆሙት ደቃቃ አበቦች ናቸው። በዚሁ ቤተሰብ የሚመደበው ኑግ በአንዱ ራሱ ላይ ብቻ ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ የመሐል አበቦችን ይይዛል።

የዱባን አበባም ብንወስድ፣ በቅርብ የተነሣ ፎቶ ወንዴውን ከሴቴው ይለያል። ሴቴዋ ከሥሯ ገና ያላደገች ትንሽ ዱባ ተሸክማለች፤ ወንዴው በቀጭን አገዳ ላይ ባዶውን ቆሟል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚፈኩት ወንዴዎቹ በመሆናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ፍሬ ሳይዙ ቢረግፉ የሚያስደነግጥ አይደለም። የፎገራን ሜዳ ገጽታ የለወጠው ሩዝ ደግሞ በዓይን የሚማርክ ቅጠለ አበባ ጭራሽ የለውም። ረፋዱ ላይ ሁለቱ ቅርፊቶቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ይከፈቱና 6 ወንዴ አካላቱን አውጥቶ መልሶ ይዘጋል። በኋላ ወፍጮ ቤት የሚፈለፈለው ገለባ እነዚሁ የአበባው ሁለት መዝጊያዎች ናቸው። በሩዝ አገር አድጎ የሩዝን አበባ ሳያይ የሚቀር ተማሪ ጥቂት ነው ብለን አናምንም።

«መሣሪያው የለንም» የሚል መልስ እንደሚቀርብልን እናውቃለን። ብዙዎቹ የእጅ ስልኮች ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቀርበው ጥርት ያለ ምስል መያዝ እንደማይችሉ እውነት ነው። ነገር ግን የትኩረት ርቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ አጉሊ መነጽር በስልኩ ሌንስ ፊት ተይዞ አበባው ከመነጽሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ፣ ከአበባው የሚነሣው ብርሃን መነጽሩን ሲያልፍ ትይዩ ይሆናል፤ ስልኩም ሩቅ ያለ ነገር እንደሚያይ ሆኖ ያለ ችግር ያነሣዋል። በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ሕግ ጓሮ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። በዚህ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ መሥራት ይመረጣል። ፀሐዩ ከበረታም ነጭ ነጠላ በአበባው ላይ ቢጋረድ ብርሃኑ ይለዝባል።

ይሁን እንጂ ማማሩ ብቻውን ፎቶግራፍን ማስረጃ አያደርገውም። በአደይ ስም የሚጠሩት ዝርያዎች ከአንድ በላይ ናቸው። ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን የአደይ ወገኖች በዝርዝር መርምረው እ.ኤ.አ. በ1984 አሳትመዋል። ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ከአበባው ፊት ይልቅ ከሥሩ የሚደግፉት አረንጓዴ ቅጠሎችና በኋላ የሚደርቀው ፍሬ የበለጠ ይናገራሉ። ባይደንስ ማክሮፕቴራ የተባለው አደይ ስሙ «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ሲሆን፣ ክንፉም ያለው በፍሬው ላይ ነው። ስለዚህ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ቅጠሉንና ፍሬውን፣ በአጠገባቸውም ማስመሪያ አኑረን እናንሣ፤ ቀኑንና ቦታውን እንጻፍ።

ቀኑ ለምን? በጃፓን የኪዮቶ ከተማ የቼሪ አበባ የፈካበት ቀን ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በመኳንንትና በመነኮሳት የዕለት ማስታወሻዎች ሲሰፍር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በማርች 26 ቀን 2021 ዛፎቹ ሙሉ በሙሉ ሲፈኩ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በ1,200 ዓመታት ከተመዘገቡት ሁሉ የቀደመ መሆኑ የታወቀውና የአየር ንብረት ለውጥ ምስክር የሆነው በእነዚሁ ማስታወሻዎች ነው። እኛም ለአበባ ባዳ አይደለንም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብሎ የሰየመ የዘመን አቆጣጠር ባለቤቶች ነን። የአበባን ወቅት በቀን መቁጠሪያው ያተመ ሕዝብ ልጆች የመጀመሪያዋን አበባ ቀን በደብተር መያዝ ሊያቅታቸው አይገባም።

የአገራችንን አበቦች በቅርበት ተመልክቶ የመመዝገብ ሥራ ለረጅም ዘመን በእንግዳ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ከገባው ከጄምስ ብሩስ ጋር የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ዕፀዋታችንን በጥንቃቄ ሲሥል ቆይቶ በ1771 እዚያው ጎንደር ሞተ፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ዛሬ የሚገኙት በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ ነው። ዘመኑ ተለውጦ የገዛ ምሁሮቻችን ከሌሎች ጋር የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት መድበል እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በ8 ቅጾች አሳትመዋል። የቀረው የየቀዬው ዝርዝር ነው፤ እርሱም በየቀዬው ባለ ሰው እንጂ ከሩቅ አይሠራም።

በመሆኑም የየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበባት አንድ አጥር፣ አንድ ድንበር፣ አንድ የሩዝ ማሳ መርጠው በየዓመቱ የመጀመሪያውን አበባ በቅርበት እንዲያነሡና በአንድ መዝገብ እንዲያኖሩ እናሳስባለን። አበባውን መቅጠፍ አያስፈልግም፤ ለንቡም ለፍሬውም ይቆይ። ከዐሥር ዓመት በኋላ «አደይ በሐሙሲት ዘንድሮ ቀደመ ወይስ ዘገየ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን ከግምት ሳይሆን ዛሬ እኛ ከምንጀምረው መዝገብ ማግኘት አለበት።