ለእንግድነት የሚመረጥ ሆቴል

ለልጅ ምረቃ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ቤተሰቦች የትኛው ታላቅ ሆቴል እንደሚሻል ይጠይቁናል።

እኛ በአንድ ጾመ ነቢያት እናታችንን ስመ ጥር ወደ ሆነ ሆቴል ወስደናቸው ነበር። አልጋው ለስላሳ ነበር፤ ዳሩ ግን የጾሙ ወጥ ቅቤ በነካው ድስት መሠራቱን ስለ ሰሙ፥ ሦስት ቀን በደረቅ ዳቦና በሻይ ሰነበቱ። እኛም አፈርን።

ስለዚህ አስቀድሞ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። የጾም ምግብ በተለየ ዕቃ ይሠራልን? በተነገረው ዋጋ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ይታከልበታልን? ቤተ ክርስቲያን በእግር ይደረሳልን? እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት የሀገራችን የመጀመሪያ ሆቴል ለአራዳ ጊዮርጊስ የቀረበ ነውና፥ እንግዳውን ከደጀ ሰላም አላራቀውም።

የሆቴል ታላቅነት በመብራቱ ብዛት አይደለም፤ እናት ጾማቸውን ጠብቀው፥ ኪዳን አድርሰው የሚመለሱበት ቤት እርሱ ታላቅ ነው።