የማይታየው ቀለም

ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚዋጣው ብር በአብዛኛው በሦስት ነገር ያልቃል፦ በቀለም፣ በሠዓሊው የእጅ ዋጋና በምረቃው ቀን ድግስ። ግድግዳውን ለማሰናዳት የሚባል አራተኛ ሒሳብ ብዙ ጊዜ የለም። ኮሚቴው አይጠይቅም፣ ሠዓሊው አያነሣም፣ ምእመኑም አያየውም። እኛ ዛሬ የምንሟገተው ለዚህ ለማይታየው ሥራ ነው። ከቀለሙ በታች ምንም ሳይኖር የሚሣል ሥዕል ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ በየጊዜው እንደ አዲስ እንዲያዋጣ የሚጠራው ገበሬ ነው።

ነገሩን መካነ ሰላምን ይዘን እንየው። ከከተማዋ ወጥቶ በቦረናና በሳይንት ደጋ ለሚጓዝ ሰው ከሩቅ የሚታየው በዛፎች መካከል ጉብ ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የብዙዎቹ ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ወይም በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተቀይሯል። ቆርቆሮ ዝናብ ይከለክላል፤ ብርድ ግን አይከለክልም። ሌሊት ደጋው ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮውም ይቀዘቅዛል፣ በሥሩ ጤዛ ይቋጥራል፣ ጤዛውም በግድግዳው አናት ላይ ይንጠባጠባል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ፣ በጭቃው ልስን ላይ፣ ከገበያ የመጣ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም በቀጥታ ይለቀለቃል። በዓመቱ ያብጣል፤ በሁለተኛው ዓመት ይቀረፋል።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ክረምት ከመሬትና ከአየር ውኃ ይጠጣል፣ በጋ ይተፋል። የዘይት ቀለም ግን ግድግዳውን እንደ ላስቲክ ያፍነዋል። መውጫ ያጣው እርጥበት ከአፈሩ ጨው ጋር ከቀለሙ ጀርባ ይከማችና ይገፋል። ቀለሙ ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም፣ የያዘውን ልስን ይዞ ይወድቃል። ከሥሩ የቆየ ሥዕል ካለ እሱም አብሮ ሄደ ማለት ነው። የስሙን መጠራት የማንፈልገው አንድ የገጠር ደብር ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግሮቹን አጥቶ በአየር ላይ ቆሞ አይተናል። እግሮቹ ከግድግዳው ሥር እንደ ገለባ ተጠርገው ነበር።

አባቶቻችን ይህን አያውቁም ነበር እንዳይባል፣ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ብራና ሳይወጠር፣ ሳይፋቅና ሳይለሰልስ ቀለም የሚነካው ጸሐፊ የለም፤ የመጽሐፉ ግማሽ ሥራ ፊደል ከመጻፉ በፊት ያለቀ ነው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮንን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች በሠሩበት ጊዜ የእንጨት ገበታ እንዲሁ አይሣልበትም ነበር። በእንስሳ ሙጫ የተለወሰ ነጭ ጄሶ ይለበጥበታል፣ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ደግሞ ለመቅደሱ ግድግዳ የጥጥ ጨርቅ አመጡ። ጨርቁ በጭቃው ላይ ይለጠፋል፣ ነጭ ይቀባል፣ ከዚያ ይሣልበታል። ጭቃው ሲሰነጠቅ ጨርቁ ይይዘዋል። ግድግዳው ሊፈርስ ሲል ደግሞ ሥዕሉ ከነጨርቁ ተነሥቶ ሊተርፍ ይችላል።

ጨርቁ እንደሚነሣ ከኛ ይልቅ የገባቸው ፈረንጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገብቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንሥቶ ወሰደ። በምትካቸው ጋስተን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ አዲስ ቅጂ ሠርቶ ለጠፈ። የእኛ ሥዕሎች ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ይህን የምናነሣው ድርጊቱን ለማመስገን አይደለም፣ ዘረፋ ዘረፋ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሥዕሉ ያን ሁሉ ዘመን ኖሮ፣ ተጠቅልሎ፣ ባሕር ተሻግሮ ያልጠፋው አዘጋጁ ሠዓሊ ከሥሩ ጨርቅና ነጭ ስላኖረለት ነው። በጭቃ ላይ በዘይት የለቀለቅነውን የዛሬውን ሥዕል እንኳን ፓሪስ፣ ከቅኔ ማኅሌቱ እስከ በሩም የሚያደርሰው የለም።

ይህ ጥበብ የትም ዓለም ያለ ነው። በእንግሊዝና በጃፓን የፕላስቲክ አውሮፕላንና ታንክ እየገጣጠሙ የሚቀቡ ጎልማሶች አሉ፤ ሥራቸው መዝናኛ፣ ዕቃቸው መዳፍ የምታህል አሻንጉሊት። ሆኖም ቀለም ከማንሣታቸው በፊት ፕላስቲኩን በሳሙና ያጥባሉ፣ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ይኖራልና። ስንጥቁን ሞልተው በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። ከዚያ ስስ ግራጫ ፕራይመር ይነፉበታል። ፕራይመሩ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ቀለሙ እንዳይንሸራተት መያዣ ይሰጠዋል፤ ደግሞም ዓይን ያለፈውን ጉድፍ ሁሉ ያጋልጣል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የብረት በር የሚሠራ ጥሩ በያጅ አንቲሩስት ሳይቀባ ቀለም አይነካም። ለአሻንጉሊትና ለበር የማይታለፈው ነገር ለመቅደስ እንዴት ይታለፋል?

ሁለት መልስ ይሰጠናል። አንደኛው “ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም አይደለችም፤ የደበዘዘ ሥዕል ለጸሎት አይመችም፤ ማደስ የቆየ ልማድ ነው” የሚል ነው። በዚህ እንስማማለን። ያረጀውን መተካት የኖረ ልማድ ነው፤ እኛም የምንጠይቀው እንዲኖር ሆኖ ይታደስ ነው። አዲሱ ሥዕል በተሰናዳ ጨርቅ ላይ ቢሣል አሮጌው ሳይነካ ሁለቱም ይኖራሉ። ሁለተኛው መልስ “ድህነት ነው” የሚለው ነው። ይህን ግን አንቀበልም። ኖራ፣ ጄሶ፣ ጭድና ጨርቅ ከፋብሪካ ቀለም ጣሳ የሚወደዱ አይደሉም። የጎደለው ትዕግሥት ነው፤ ግድግዳው አንድ በጋ ሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ለምረቃ ቀን የቸኮለ ኮሚቴን አያስደስትም። ደግሞስ ድሃ ነው አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል የማይችለው!

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ይመስለናል። በሥዕሉ ግርጌ “ይህን ሥዕል ያሣሉት እነ እገሌ” ተብሎ ይጻፋል። “ይህን ጄሶ ያስመታ” ተብሎ ስሙ የተጻፈለት ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየንም። የሚታይ ነገር ስም ያስጠራል፣ የማይታይ ነገር ሰጪ የለውም። ላዩን ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ ይሏል ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቄሱም ውስጡን አልጠየቁም። ጉዳዩም የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። ወሎ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ የሚያዋጣበት አገር ነው። የሚቀረፈው የሁሉም ብር ነው። የመስጊዱም የጭቃ ግድግዳ ቢሆን የሚቀረፈው በዚያው መንገድ ነው።

ስለዚህ የምንለው ይኸው ነው። የሥዕል ውል ሲጻፍ የግድግዳው ዝግጅት ራሱን የቻለ መስመርና ዋጋ ይኑረው። ክዳኑ ሳይጠገንና ግድግዳው ሳይደርቅ ብሩሽ አይነሣ። የቆየ ሥዕል ባለበት ቦታ ደግሞ መጀመሪያ ፎቶ ይነሣ፣ የባህል ጽሕፈት ቤቱ ይጠራ። የቅርስ ጥገና ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከወጣ ቆይቷል፤ አዋጁ ከደሴ ደጋ ለመውጣት መኪና አጥቶ ካልሆነ በቀር እስካሁን ሊደርስ ይገባው ነበር። ሳይንት ተድባበ ማርያምን የሚያህል፣ በትውፊት ከክርስትና በፊት የብሉይ መሥዋዕት ይቀርብበት ነበር የሚባል ደብር ያለበት አገር ነው። እንዲህ ያለ አገር ለልጆቹ የሚያወርሰው በመጥረጊያ የሚጠረግ ቀለም መሆን የለበትም።

የሚቀጥለው መዋጮ ሲለመን፣ እናንተ የደብሩ ልጆች፣ በመርካቶም በደሴም በባሕር ማዶም ያላችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከቀለሙ ሥር ምን አለ? መልስ ከሌለ ኪሳችሁን አትፍቱ።