መንጃ ፈቃዱ ከተማ፣ ተሳፋሪው ገጠር

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ከቡሬ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚያመራው መንገድ ይገነጠላል። በዋናው መንገድ ላይ አውቶቡሶችና ከባድ የጭነት መኪኖች ቢበዙም፣ የአካባቢውን ሕዝብ የዕለት ጉዞ የተሸከሙት ሚኒባሶችና ባለሦስት እግር ባጃጆች ናቸው። ወደ ጅጋ፣ ወደ ማንኩሳ፣ ወደ ሽንዲና በየገጠር ቀበሌው የሚጓዘው ገበሬ፣ ተማሪና ወላድ እናት ሕይወቱን በአደራ የሚሰጠው ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች አሽከርካሪዎች ነው። ስለዚህ የአሽከርካሪዎቹ ብቃት በማንና እንዴት ይረጋገጣል የሚለው ጥያቄ ከከተማው ነዋሪ ይልቅ የገጠሩን ተሳፋሪ አብዝቶ ይመለከታል።

የሕግ ማዕቀፉ ግልጽ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074 ቀድሞ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 600/2000 ተክቷል። አዋጁ ፈቃዶችን በተሽከርካሪው ዓይነት ይመድባል፤ ለእያንዳንዱ ምድብም የዕድሜ፣ የትምህርትና የጤና መመዘኛ ያስቀምጣል። አመልካቹ ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ተቋም የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሥልጠና ወስዶ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ሰው ወደሚጭኑ ትላልቅ ተሽከርካሪዎች ለማደግ ደግሞ ከታች ካለው ምድብ ጀምሮ በልምድ ደረጃ በደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። የአሠራሩ መነሻ ሐሳብ አያከራክርም፦ ብዙ ነፍስ የሚጭን ሰው ከሌላው የበለጠ ሊፈተን ይገባል።

ችግሩ የሚጀምረው መሥፈርቱና መሥፈርቱን ማሟያው ቦታ ሲራራቁ ነው። ማሠልጠኛ ተቋማትም ሆኑ የመፈተኛ ጣቢያዎች የሚገኙት በከተሞች ነው። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ወጣት ለሥልጠናው ከሚከፍለው ገንዘብ በተጨማሪ ለሳምንታት የቤት ኪራይና ቀለብ ይሸፍናል፤ ከእርሻ ሥራው የሚቀርበት ጊዜም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በቆሎና በርበሬ በሚበቅልበት በዚህ አካባቢ የሰኔ ዘርና የመኸር አጨዳ ቀን አይሰጡም። ፈተናው በእነዚህ ወራት ላይ ከዋለ ወጣቱ ከሁለቱ አንዱን ይተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቀጠለው የሰላም መደፍረስም ጉዞን በየጊዜው አስተጓጉሏል። መንገድ ሲዘጋ ሠልጣኙ የቆጠረው ቀጠሮ ያልፈዋል፤ ያወጣው ወጪም እንደገና ይጀምራል።

በሌላ በኩል የገጠሩ የትራንስፖርት ፍላጎት ፈቃዱን አልጠበቀም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የተተገበረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ከዋና መንገዶች ጋር የማገናኘት ዓላማ ነበረው። ጥርጊያው በደረሰበት ሁሉ ባጃጅ ተከትሎ ገባ። ቀድሞ በፈረስ ጋሪና በእግር ይካሄድ የነበረው የገበያ ጉዞ በሞተር ተተካ። የጋሪ ነጂ የፈረሱን ድካምና የመንገዱን ጭቃ አይቶ ፍጥነቱን ይመጥናል፤ የማሽከርከር ፈተና የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ዕውቀት ነው። ሦስት እግር ያለው ተሽከርካሪ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ለምን እንደሚገለበጥ፣ ትርፍ ሰው ሲጫንበት ፍሬኑ ለምን እንደሚዘገይ ያልተማረ ሰው የሚያውቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

ሙያው በብዙ ቦታ የሚለመድበት መንገድም ከሕጉ ይለያል። ወጣቱ በረዳትነት ይገባል፤ መኪና ሲያጥብ፣ ጎማ ሲቀይር፣ በመናኸሪያ ውስጥ መኪና ሲያስጠጋ መሪ ይለማመዳል። የተለመደው የባጃጅ ሥራ ደግሞ የቀን ገቢ ነው፦ ባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ይቀበላል፣ የተረፈው የአሽከርካሪው ይሆናል። ይህ ስምምነት በራሱ ትርፍ መጫንንና መጣደፍን ይጋብዛል። አሽከርካሪው ሲደክመው ወይም ሲታመም መሪውን ፈቃድ ለሌለው ጓደኛው ማቀበሉም እንደ ቀላል ነገር ይታያል።

ቀላል ግን አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ ይህም እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ባሽከረከረበት ጊዜ ጭምር እንደሚጸና ይደነግጋል። መሬቱን አከራይቶ ወይም ከብቱን ሸጦ ባጃጅ የገዛ ገበሬ አደጋ ሲደርስ በካሳ ክርክር ጥሪቱን ሊያጣ ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው እስከ 2 ሺህ ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። አስቸኳይ ሕክምና ግን ለተሰበረ አጥንት መነሻ እንጂ መድረሻ አይሆንም። ከዚያ ላለፈው ጉዳት ካሳ ሲጠየቅ የአሽከርካሪው ፈቃድ መኖር አለመኖሩ ዋና መከራከሪያ ይሆናል። ጉዳቱ ለተጎጂውም ለባለንብረቱም ነው።

ታዲያ መሥፈርቱን ማላላት መፍትሔ ይሆናል? አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ሰዎች 26.7 ያህሉ በዓመት በትራፊክ አደጋ እንደሚሞቱ ገምቷል። በዚህ መጠን ሕይወት በሚጠፋበት አገር ፈተናን ማቅለል ከተሳፋሪው ላይ ጥበቃ መንጠቅ ነው። ነገር ግን ብዙዎች ሊደርሱበት የማይችሉት መሥፈርትም ጥበቃ አይሰጥም። በሩ ሲጠብ አንዱ ያለ ፈቃድ ያሽከረክራል፣ ሌላው የሐሰት የትምህርት ማስረጃ ፍለጋ ይሄዳል። ሁለቱም ሳይሠለጥኑ ሰው ይጭናሉ።

የጎረቤት አገር ልምድ አንድ ነገር ያሳያል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በማታቱ ሚኒባሶች ላይ ባስከበረችው ደንብ የፍጥነት መገደቢያና የደህንነት ቀበቶ አስገድዳለች፤ ሾፌሩና ረዳቱ የሙያ መለያ እንዲይዙ፣ የተሳፋሪው ቁጥርም እንዲወሰን አድርጋለች። እዚያ የተጠየቀው የሾፌሩ ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ባለንብረቱ፣ ረዳቱና ተሽከርካሪውም አብረው ተጠይቀዋል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሰው ወይም ጭነት በማጓጓዝ የሚተዳደር አሽከርካሪ በየ5 ዓመቱ የ35 ሰዓት የማደሻ ሥልጠና ይወስዳል። እዚያ ፈቃድ ማግኘት የሥልጠናው ማብቂያ ተደርጎ አይቆጠርም።

ለምዕራብ ጎጃም ከእነዚህ የሚወሰደው ትምህርት በአካባቢው ኑሮ ልክ ሊቆረጥ ይገባል። መጀመሪያው ፈተናውን ወደ ተፈታኙ ማቅረብ ነው። አጨዳና ውቂያ ከተጠናቀቀ በኋላ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ ተንቀሳቃሽ የሥልጠናና የፈተና ቡድን በወረዳ ከተሞች በተራ ቢሠራ ወጣቱ እርሻውን ሳይጥል ይማራል። ሁለተኛው የሥልጠናው ይዘት ነው። በገጠር መንገድ የሚያጋጥመው ከብት፣ አቧራ፣ የክረምት ጭቃና ያለ አጥር የወንዝ መሻገሪያ እንጂ የትራፊክ መብራት አይደለም። የተግባር ፈተናው ይህን ካላካተተ በከተማ ያለፈው ሾፌር በገጠር አዲስ ነው።

ሦስተኛው የትራንስፖርት ማኅበራት ድርሻ ነው። ማኅበራቱ ለአባላቶቻቸው ተራና ስምሪት ማስጠበቅን እንደሚያውቁበት ሁሉ፣ የአሽከርካሪውን ፈቃድ ሳያዩ ተሽከርካሪ ከተራ እንዳይወጣ ማድረግ ይችላሉ። ይህ ቁጥጥር በመንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ከሚያደርገው ፍተሻ ይቀድማል፤ ወጪውም አነስተኛ ነው። ባለንብረትና አሽከርካሪ በጽሑፍ እንዲዋዋሉ፣ በውሉም የፈቃዱ ምድብና የሥራ ሰዓቱ እንዲገለጽ ቢደረግ መሪን ለማንም ማቀበል ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ የረዳትነት ልምድ ሕጋዊ መግቢያ ሊበጅለት ይገባል። በመናኸሪያ ለዓመታት የሠራ ወጣት ከንድፈ ሐሳብ ሥልጠናውና ከፈተናው ነፃ መሆን አይኖርበትም፤ ነገር ግን በማኅበሩ ተመዝግቦ፣ የሥልጠና ክፍያውን በቁጠባ ወይም በብድር እየሸፈነ ወደ ፈቃድ የሚደርስበት መንገድ ከተዘረጋለት በድብቅ መሪ የሚይዝበት ምክንያት ይመነምናል። የዞኑና የወረዳ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ የቁጠባና ብድር ተቋማት እንዲሁም ማኅበራቱ ይህን በጋራ ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የሚቀጥለው የገበያ ቀን ጉዞ ግን አይጠብቃቸውም፤ ተሳፋሪው በማለዳ መንገድ ዳር ቆሞ መጀመሪያ የመጣለትን ተሽከርካሪ ይሳፈራል።