የድሬ ሲኒማዎች ለቅሶ አይፈልጉም፤ ቲኬት ቆራጭ ነው የሚፈልጉት

ይህ ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል። ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የሚቀየመኝም አይጠፋም፤ ምን ይደረግ።

ስለ ድሬዳዋ አሮጌ ሲኒማ ቤቶች አንድ ነገር ባነሳሁ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ነው የሚመጣልኝ። አንዱ ወገን "ቲቸር፣ ሲኒማ እኮ ሞቷል። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። ቦታው ሕንፃ ይሠራበት" ይለኛል። ሌላው ወገን፣ አብዛኛው ውጭ አገር ያለ ወዳጄ ነው፣ "ወይኔ ኢምፓየር! ወይኔ ማጀስቲክ! ምን ዓይነት ዘመን ነበር!" ብሎ የምታለቅስ ፊት ለጥፎ ይሄዳል። ሲታዩ የተቃረኑ ይመስላሉ። ለእኔ ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሲኒማ ቤቱን ቀብረውታል። አንዱ ሳያለቅስ ቀበረ፣ ሌላው እያለቀሰ ቀበረ፣ በቃ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ድሬ አሮጌ አዳራሾቿ የሚያስፈልጓት ለዛሬ ማታ ነው። በር ተከፍቶ፣ ቲኬት ተቆርጦ፣ ፊልም እንዲታይባቸው። እስቲ ተቃውሞዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

"ሲኒማ የእኛ ባህል አይደለም" ለምትሉ። ድሬ ራሷ በባቡር የመጣች ከተማ ናት እኮ! ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራው እምቢ ሲል በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ አረፈ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ጨርቅ፣ ጋዜጣ፣ ሸክላ፣ ማሽን በዚህችው ከተማ ነው ያለፈው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው ከየመናዊው፣ ከግሪኩ፣ ከአርመኑና ከሕንዱ ጋር የኖረባት ከተማ ናት። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት "ሰይጣን ቤት" ብላ ነው የሰየመችው። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ያለ ሲኒማ ትታሰባለች? የመጣን ነገር የራሳችን የሚያደርገው የተቀመጥንበት ጊዜ ነው። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ከዚራም፣ ባቡሩም፣ እኛም የመጣን ነን።

"የጣሊያን ርዝራዥ ነው" ለምትሉ። ሁሉም ሲኒማ ቤት የጣሊያን ሥራ አይደለም፤ ቢሆንስ? ሲሚንቶ ፋብሪካችንን ማን ተከለው? ጣሊያን ጀመረው ብሎ በዚያ ሲሚንቶ የተሠራ ቤቱን ያፈረሰ የድሬ ልጅ አላየሁም። ዛሬ የምንኮራበት ብሔራዊ ቴአትርም ጣሊያን "ሲኒማ ማርኮኒ" ብሎ የጀመረው ነው። አገሪቱ አላፈረሰችውም። አስፋፍታ፣ አሳምራ በ1948 ዓ.ም. በ"ዳዊትና ኦርዮን" ተውኔት መረቀችው፤ ከዚያ ወዲህ የስንት ከያኒ ቤት ሆነ! አሥመራም ያንን መከራ ከማንም በላይ አይታለች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ አሁንም ቆሟል፤ ከተማዋ እንዳለች እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ገብታለች። ወራሪው ሄዷል፤ ግድግዳው የተቀመጠበት ሕዝብ ነው።

"ስልክ እያለ ሲኒማ ምን ያረጋል?" ዋናው ይሄ ነው። ፊልም ለማየትማ ስልክ ይበቃል። እኔ የማወራው አብሮ ስለማየት ነው። እስቲ ድሬ ውስጥ ሰው የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። በርጫ አለ፤ የምትቅመው ከምታውቀው ሰው ጋር ነው። መስጊድ አለ፣ ቤተክርስቲያን አለ፤ ሁሉም ወደየራሱ ነው፣ ተገቢም ነው። ሠርግና ለቅሶ አለ፤ የሚጠራህ ዘመድህና ጎረቤትህ ነው። ኳስ የሚታይበት ቤት አለ፤ እዚያ ደግሞ ገና ስትገባ አርሰናልና ማንቼ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል፣ ሴቶች ልጆቻችንም ብዙም አይገቡበትም።

ታዲያ የገንደ ቆሬ ልጅ፣ የሳቢያን ልጅና የመጋላ ልጅ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል የሚደነግጡበት፣ እኩል የሚስቁበት ቤት የታለ? "ድሬ የፍቅር ከተማ" ማለት ደስ ይላል፤ እኔም እላለሁ። ግን ባለፉት ዓመታት ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ ያየባቸውን ቀናት ረሳናቸው እንዴ? ደቻቱ ውኃ ሲሞላ ከዚራንና መጋላን ለሰዓታት ይለያያል፤ የሰው ልብ ሲለያይ ግን ጎርፍ አያስፈልገውም። ፍቅር በመፈክር አይቆይም፤ መቀመጫ ይፈልጋል።

አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ "ትልቅ አዳራሽ ገብቶ፣ ከማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ፊልም ያየ እጁን ያውጣ" ብዬ ነበር። የወጡት እጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ ተማሪዬ "እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ሄጄ ነው ቲቸር" አለችኝ። እንግዲህ የባቡር ከተማ ልጅ ፊልም በወጉ ለማየት አገር አቋርጣ ዘመድ ትጠይቅ?

"ሰው አይመጣም" ለምትሉ ደግሞ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአማርኛ ፊልም ሲያብብ አምባሳደር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያና የአዲስ አበባው ኢምፓየር ደጃፍ ላይ የነበረውን ሰልፍ አስታውሱ። ያኔም እኮ ቴሌቪዥን ነበር፣ ቪሲዲም በየሱቁ ይሸጥ ነበር። ሰው ግን አሮጌ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ተሰለፈ፤ ምክንያቱም አዳራሾቹ አሉ፣ የሚያሳዩትም ነገር የራሱ ነበር። ሞቃዲሾን ደግሞ እዩ። ብሔራዊ ቴአትሯን ቻይናዎች ገንብተው የሰጧት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ጦርነት መጣ፣ ተዘጋ፣ በቦምብም ተመታ። በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ታየበት። ሞቃዲሾ የቻለችውን ድሬ አትችልም የሚለኝ ካለ ፊት ለፊት ይምጣና ይንገረኝ።

"ገንዘብ የለም።" ይሄንንም እንየው። ድሮ ፊልም ማለት በቆርቆሮ የታሸገ፣ የ35 ሚሊሜትር ከባድ ጥቅል ነው። አንዱ ጥቅል አሥር ደቂቃ ገደማ ነው የሚሄደው። ፊልሙ እንዳይቋረጥ ሁለት ማሽን ይተከላል፤ አጫዋቹ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ያስነሳል። መብራቱ ያቃጥላል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ አዳራሹ ያፏጫል። ዛሬ ሙሉ ፊልም በኪስ በሚያዝ ነገር ይመጣል። ማሳያውም ቢሆን ከድሮው ማሽን ጋር አይወዳደርም። ውዱ ነገር አዳራሹ ነው፤ ከፍ ያለው ጣሪያ፣ ያለ ምሰሶ የተዘረጋው ሰፊ ቦታ። እሱን ደግሞ ያለፉት ሰዎች ሠርተው ትተውልናል። የተሠራውን አፍርሶ "ለአዲስ አዳራሽ በጀት የለም" ማለት ላሟን አርዶ ወተት ተወደደ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ናፍቆተኞቹ ልምጣ። ወዳጆቼ፣ እወዳችኋለሁ፤ ግን ያን ዘመን አታንቆለጳጵሱብን። ከዚራ መጀመሪያ የተቀየሰችው ለፈረንጅና ለባቡር ኩባንያ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ሲኒማ የፎቁ መቀመጫና የታቹ መቀመጫ ዋጋው ለየብቻ ነው፤ ሰውም ለየብቻ። ደጅ ቆሞ ፖስተር አይቶ ብቻ የተመለሰ ልጅ ብዙ ነው። በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ ውስጥ የጀመሩት እነ አሊ ቢራ በገዛ ከተማቸው በቋንቋቸው ለመዝፈን ስንት አሳር አይተዋል። ስለዚህ "ያ ዘመን ይመለስ" አልልም፤ አይመለስ። የምጠይቀው አዳራሹ ያኔ ያልከፈተላቸውን ሁሉ አሁን እንዲያስገባ ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ሳምንት የኦሮምኛ ፊልም፣ አንድ ሳምንት የሶማሊኛ፣ አንድ ሳምንት የአማርኛ፤ ከዚያ ደግሞ አባቶቻችን ያለቀሱባቸው የሕንድ ፊልሞች። ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች። ዋጋው አንድ፣ መቀመጫው የቀደመ።

ሌላም ፍርሃት አለኝ፣ እሱም ማፍረስ ብቻ አይደለም። ፊቱን ቀለም ቀብቶ፣ "ታሪካዊ ሲኒማ" የሚል ሰሌዳ ለጥፎ፣ ውስጡን መጋዘን ማድረግ። እሱም መቅበር ነው፤ የመቃብር ሐውልት ስላቆምክለት ሞተ እንጂ ዳነ አይባልም።

ሕጉ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዝገብ፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስም ያለ ፈቃድ እንዳሻ አይነካ ይላል። ብዙዎቹ ትልልቅ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. በትርፍ ቤት አዋጅ የመንግሥት ሆነዋል፤ የሕዝብ ናቸው ማለት ነው። የሕዝብ ከሆኑ ደግሞ ሕዝቡ "ምን ልታደርጉት ነው?" ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ጠያቂ የሌለው ቤት ዝናብ ሳያፈርሰው ወረቀት ያፈርሰዋል።

እንግዲህ ሥራ ልስጣችሁ፤ የድሮ አስተማሪ ምን ያደርጋል። ውጭ ያላችሁ፣ አልበማችሁን ክፈቱ። ከሲኒማ ቤት ደጅ የተነሳችሁትን ፎቶ፣ የቆየች ቲኬት ካለችም እሷን፣ ከቀኗ ጋር ላኩ። መዝገብ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎቼ፣ ሜትራችሁን ይዛችሁ ወጥታችሁ አዳራሾቹን ለኩ፣ ሣሉ። ፊልም አጫዋች፣ ቲኬት ቆራጭ፣ ፖስተር ለጣፊ የነበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወይ ልጆቻቸው፣ የምታውቁትን በድምፅም ቢሆን ቅዱልን። ወንበር ላይ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አዳራሽ ከማከራየታችሁ በፊት ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "ማታ ማታ ፊልም ይታይበታል።"

አስተያየት መስጫው ክፍት ነው። የተቃወመኝ ይጻፍ፣ እመልስለታለሁ። "ወይኔ" ብቻ ብሎ የጻፈ ግን መልስ አያገኝም።