ገበያም ቀን አለው

የአገር ልጆች በሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ የሐዘን መልእክት ተለጥፏል። የሟች ስም፣ የቀብሩ ሰዓት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ቦታ በዝርዝር ተጽፏል። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚሉ መልሶች ይከታተላሉ። ድንገት መሀል ላይ የቅቤ ፎቶ ይገባል፦ «ምርጥ የጉራጌ ቅቤ! ለመስቀል ቀድመው ይዘዙ! ዋጋ በውስጥ መስመር!» ከዚያ በታች እንደገና «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል።

ይህን ዓይነት ነገር በየግሩፑ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የለጠፈው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ ኮፒ አድርጎ፣ አባል በሆነበት ግሩፕ ሁሉ ሲበትን ከላይ ምን እንደተጻፈ አላየም። ጥፋቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ስለ ምን እንደተሰበሰቡ ሳያይ ሸቀጡን ዘረጋ። ወንድሙ በሞተበት ሰው ስልክ ላይ የደረሰው ማስታወቂያ ቅቤውን አያሸጥም። ያ ሰው ሻጩን የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነው።

ዛሬ የምጽፈው አታት፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራና በዙሪያቸው ሆነው በስልካቸው ለሚሸጡ ሰዎች ነው። ቆጮ፣ ቅቤ፣ ማር፣ የማረቆ በርበሬ፣ የባህል ልብስ፣ የሞባይል ዕቃ፣ አልጋና ምግብ የሚሸጡ ናቸው። ሥራቸውን አከብራለሁ። ብዙዎቹ ወጣቶችና ሴቶች ናቸው፤ የሱቅ ኪራይ የሚከፍሉበት አቅም ስለሌላቸው ስልኩ ትልቅ በር ከፍቶላቸዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ሰው አታት ላለችው ሻጭ በደቂቃ ውስጥ ገንዘብ ይልካል፤ ዕቃው በማግስቱ በመኪና ይደርሰዋል። ይህ በር እንዳይዘጋባቸው ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

አታትን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሆስፒታሏ ነው። ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ጉብሬን አለፍ ብሎ የሚገኘው ይህ ሆስፒታል በ1969 እ.ኤ.አ. በካቶሊክ ገዳማውያት እህቶች የተቋቋመ ነው። ለወሊድ ችግር ይገጥማቸዋል ተብሎ የሚሰጋላቸው እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ማረፊያውም ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። እንግዲህ በእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ቁርስ ቤት ወይም አልጋ ቤት የከፈተ ሰው ደንበኛው ማን ነው? በአብዛኛው ከሩቅ ገጠር በሽተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ ነው። ይህ ሰው «የከተማው ቁጥር አንድ! ይጎብኙን!» የሚል ጩኸት ምንም አይጠቅመውም። ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው። አልጋ ስንት ነው? ሌሊት ቢደርስ በሩ ይከፈትለታል? ሙቅ ውኃ አለ? ለበሽተኛ የሚሆን አጥሚት ይሠራል? ወደ ወልቂጤ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው? እነዚህን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጦ፣ ለውጥ ሲኖር ብቻ የሚያድስ ባለቤት ማንንም አያስቸግርም። ያስታመመ ሰው ለሚያስታምም ዘመዱ ያንን ገጽ ራሱ ይልክለታል። ማስታወቂያ የሚባለው ይህ ነው፤ ፈላጊው ሲፈልገው የሚያገኘው መረጃ።

«ግን እኮ መበተኑ ይሠራል፤ ለሺህ ሰው ብልክ አሥር ሰው ይገዛል» የሚሉ አሉ። እውነት አለው፤ ክርክሩም አዲስ አይደለም። በግንቦት 1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ቱርክ የሚባል የኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ሰው አርፓኔት በተባለው የያኔው ኔትወርክ ላይ ለ400 ያህል ሰዎች ያልጠየቁትን የማሽን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ተቀባዮቹ ተቆጡ፤ እሱ ግን ብዙ ማሽን ሸጥኩበት ይል ነበር። ይሁንና ይህ ሰው ይሸጥ የነበረው እጅግ ውድ ማሽን ነው። አንድ ገዢ ካገኘ የሌሎቹ ቁጣ አይጎዳውም። የአታቷ ቅቤ ሻጭ ኑሮ እንዲህ አይደለም። እሷን የሚያኖራት ዛሬ አንድ ኪሎ ወስዶ ለፋሲካ የሚመለስ፣ ለመስቀል እጥፍ የሚያዝ፣ እህቱንም ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። አሥር ገዢ ለማግኘት ብላ ዘጠኝ መቶ ሰው ብታስመርር፣ ያስመረረቻቸው የጎረቤት ልጆች፣ የዕድር አባላት፣ ያገር ሰዎች ናቸው። ሌላ የምታመጣው ሕዝብ የላትም።

ቅጣቱ ደግሞ ድምፅ የለውም። የተሰላቸ ሰው «አስቸገርሽኝ» አይልም፤ ሚውት ያደርጋል ወይም ብሎክ ያደርጋል። እሷ መላኳን ትቀጥላለች፣ የሚሰማት ግን የለም። ሪፖርት ያደረጓት ከበዙ ደግሞ ቴሌግራም ራሱ ለማታውቃቸው ሰዎች መልእክት እንዳትልክ አካውንቷን ይገድበዋል። ዋትስአፕም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ ፎርዋርድ ማድረግ ከልክሏል።

ብዙ ሻጮች የማያስቡት ሌላ ነገር አለ፦ ለማስታወቂያው የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። በእኛ አገር ኢንተርኔት በፓኬጅ ነው የሚገዛው። ያልጠየቅኩት የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በግሩፕ ገብቶ ስልኬ በራሱ ካወረደው፣ የሄደው የእኔ ብር ነው። ገጠር ያለ ገበሬ ወይም ጉብሬ ያለ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሳምንት ፓኬጁን በሰው ሸቀጥ ቪዲዮ ሲጨርስ ሊበሳጭ ይገባዋል። መጠኑ የተቀነሰ አንድ ጥሩ ፎቶና አራት መስመር ጽሑፍ በቂ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል። የሚፈቀድበትን ሁኔታ ሲዘረዝርም የላኪው ማንነትና አድራሻ በትክክል መገለጹን፣ ተቀባዩም «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» የሚልበት ቀላል መንገድ መኖሩን ያነሳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው የግል መረጃ እንዲሁ በዘፈቀደ የሚሰበሰብና የሚሠራበት እንዳልሆነ ደንግጓል። የቴሌግራም ሻጭን ማንም ፍርድ ቤት ይጎትታል እያልኩ አይደለም። ሕጉ ያስቀመጠው ሐሳብ ግን ለቅቤ ነጋዴም ይሠራል፦ ማን እንደሆንክ ተናገር፣ አስፈቅድ፣ በቃኝ ሲልህ አቁም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ፣ ሰውን ሳያስፈቅዱ ግሩፕ ውስጥ መክተት ይቅር። «ሃምሳ ሰው አድ ያደረገ ካርድ ይሸለማል» በሚል የተሞላ ግሩፕ ቁጥሩ ያምራል እንጂ ገዢ የለውም። ቻናል ከፍቶ ሊንኩን ለገዛ ሰው መስጠትና «ከወደዱት ይግቡ» ማለት ይሻላል። በፈቃዳቸው የገቡ መቶ ሰዎች በግድ ከተከተቱ አምስት ሺህ ይበልጣሉ፤ መቶዎቹ ያነባሉና።

ሁለተኛ፣ ዋጋ ይጻፍ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ሻጭንም ገዢንም አድክሟል። ገዢው መቶ ሰው የጠየቀውን ደግሞ ይጠይቃል፤ ሻጩ መቶ ጊዜ ይመልሳል፤ በመጨረሻም ገዢው «እንደ ፊቴ ነው ዋጋ የሚነግሩኝ» ብሎ ይጠራጠራል። የቅቤ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት እንደሚለዋወጥ ማንም ያውቃል። «የዛሬ ዋጋ» ብሎ ከነቀኑ መጻፍ ነው። ለጋ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ በሳል? ከየትኛው ገበያ ነው የተገዛው? መቼ ነው የሚጫነው? ቅቤ ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ተሸጠ የሚል ወሬ በየጊዜው በሚሰማበት አገር እነዚህ ሦስት መልሶች «ንጹህ! ኦሪጅናል!» ከሚል ሃያ የቃለ አጋኖ ምልክት በላይ ያሳምናሉ።

ሦስተኛ፣ ፎቶው የራስ ይሁን። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሚያብረቀርቅ ክትፎ አይቶ ያዘዘ ሰው ሌላ ነገር ሲደርሰው ይርቃል። የራስን ዕቃ ሲያነሱም ፈቃድ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። እንሰት የሚፍቁ እናቶችን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ እየጫኑ ቆጮ የሚሸጡ አሉ። እነዚያ እናቶች ሥራ ላይ እንዳሉ፣ በሥራ ልብሳቸው፣ ለማን እንደሚታዩ ሳያውቁ የተቀረጹ ከሆነ ደግ አይደለም። «እናቴ፣ ይህን ለሰው ላሳየው ነው፤ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መጠየቅ ከደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከቪዲዮው የሚገኝ ጥቅም ካለም ያካፍሏቸው።

አራተኛ፣ መልእክቱ ሰው ለሰው የጻፈው ይምሰል። መስቀል ሲቃረብ ክርስቲያኑ፣ አረፋ ሲቃረብ ሙስሊሙ ከአዲስ አበባና ከየከተማው ወደ አገሩ ይገባል፤ መግባት ያልቻለውም የአገሩን ምግብ ያስመጣል። ያን ጊዜ ባለፈው ዓመት ለገዛ ደንበኛ እንዲህ ቢጻፍለት ማን ይከፋል?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? አምና ለመስቀል ቆጮና ለጋ ቅቤ የወሰዱት ከእኔ ነው፤ አታት ነኝ። ዘንድሮም አዘጋጅቻለሁ፤ የዛሬው ዋጋ ከታች አለ። የምጭነው ከበዓሉ አምስት ቀን ቀድሜ ስለሆነ እስከ እሑድ ቢነግሩኝ ይደርሳል። መልእክቴ ካስቸገርዎት ‹ይቅር› ብለው ይጻፉልኝ፣ ዳግም አልልክም። መልካም በዓል ለቤተሰቡ።»

ይህ መልእክት ስሙን ለሚያውቁት ሰው፣ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚላክ ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለብዙ ሻጭ ታስፈራለች፤ «ይቅር ቢሉኝስ?» ይላሉ። ይቅር የሚል ሰው አስቀድሞም አይገዛም ነበር። ይቅር ያላለው ግን ፈቅዷል፤ ቀጥሎ ሲላክለት ደስ ብሎት ይከፍተዋል።

አሁን ወደ ግሩፖቹ ልመለስ፤ ሸክሙ በሻጮች ላይ ብቻ መጣል የለበትምና። የዕድር፣ የአገር ልጆች ማኅበር፣ የቀድሞ ተማሪዎች ግሩፕ አስተዳዳሪዎች ማስታወቂያን ጨርሰው ሲከለክሉ ለፍቶ አዳሪውን ወገናቸውን ይጎዳሉ፤ ልቅ ሲያደርጉት ደግሞ ግሩፑ የተቋቋመበትን ጉዳይ ያስረሳሉ። ለዚህ መፍትሔው ከአገራችን ሥርዓት ውስጥ አለ። በጉራጌ ምድር እያንዳንዱ ከተማ የራሱ የገበያ ቀን አለው። በዚያ ቀን ሻጩ ያለ ኀፍረት ይጮኻል፣ ገዢውም ሊገዛ ብሎ ነው የሚወጣው። በሌላው ቀን ሜዳው ለሌላ ጉዳይ ነው። ግሩፖችም አንድ ቀን ይምረጡ። ለምሳሌ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ አባላት ያላቸውን ይለጥፉ፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ፣ ከነዋጋው፣ ከነስልኩ። ሐዘን በተነገረ ዕለት ግን ገበያው ይታጠፍ። የአስተዳዳሪው ሥራ ቀኑን ማስከበር ብቻ ነው። እናቶቻችን ውጆ በሚባለው የቅቤ ዕቁብ ተራ ጠብቀው ቅቤ ሲያጠራቅሙ የኖሩ ናቸው፤ ተራና ቀን ማክበር ለልጆቻቸው አይከብድም።

ለእኛ ለገዢዎችም የምለው አለኝ። የአገራችን ልጅ መልእክት ሲያበዛብን ዝም ብለን ብሎክ ከማድረግ «ወንድሜ፣ በወር አንዴ ይበቃኛል» እንበለው። ብዙዎቹ የሚያበዙት ነገሩ የሚያስቀይም መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ ነው። ዕቃው ጥሩ ሆኖ ስናገኘውም እዚያው ገጹ ላይ አንድ መስመር እንጻፍለት። እኛ የጻፍንለት አንድ እውነተኛ መስመር እሱ ራሱ ከሚለጥፈው መቶ ማስታወቂያ የበለጠ ገዢ ያመጣለታል።

ለሚቀጥለው በዓል የምጠይቀው ይህን ነው። ሻጩ ከመላኩ በፊት የተቀባዮቹን ዝርዝር ይመልከትና ያላስፈቀዳቸውን ያውጣ፤ ዋጋውን ይጻፍ፤ ለጠየቀው ሁሉ በዚያው ቀን ይመልስ። አስተዳዳሪው ለግሩፑ የገበያ ቀን ይቁረጥ። ገዢው የወደደውንም ያልወደደውንም ይናገር። ዝርዝሩ ከአምስት መቶ ሰው ወደ ስድሳ ቢወርድ ሻጩ አይደንግጥ። ስድሳ ቤተሰብ በየበዓሉ የሚያዛት ሴት አታት ላይ ልጆቿን ታስተምራለች፤ ስድሳ ቤተሰብም ለሚያውቀው ሁሉ ይናገርላታል።