ስለ ሆስፒታሎች ኅብረት

በመንዝና በግሼ ደጋ ምጥ ለጠናባት እናት መንገዱ ረጅም ነው። ከራቤል ተነሥታ ወደ መሐል ሜዳ፣ የዚያም ሆስፒታል ያልቻለው ነገር ሲገጥም ወደ ደብረ ብርሃን የምትላክ እንደ ሆነ፣ በብዙ አዋላጆችና ሐኪሞች እጅ ታልፋለች። ከነዚህም አንዱ ያወቀውን ሌላው ካላወቀው፣ በመጀመሪያው ቤት የተሰጣትም መድኃኒት በወረቀት ተጽፎ ካልተከተላት፣ የኋለኛው ቤት ምርመራውን እንደ ገና ከሥሩ ይጀምራል፤ በዚህ መካከል የሚባክነውም ሰዓት የእናቲቱና የልጅዋ ሕይወት ነው። ስለዚህ የሆስፒታል መልካምነት በግድግዳውና በአልጋው ቍጥር ብቻ አይለካም፤ ከጎረቤቱ ጋር ባለው መግባባት ጭምር እንጂ።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ይህን ተመልክቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጥምረት ለጥራት» የተባለውን ኅብረት አቋቋመ። ሥርዐቱም ሆስፒታሎች በየአቅራቢያቸው ተመድበው፣ በሥራው በልጦ የተገኘው መሪ እየሆነ ያወቀውን ለባልንጀሮቹ እንዲያካፍል ነው። የመጀመሪያውም ዙር ሥራ የበሽተኞችን እርካታ ማሻሻል ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ይቈጥረው ይሆናል፤ ነገር ግን በሆስፒታል ደጅ ተዋርዶ የተመለሰ ባላገር ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው በበሽታው ጅምር ሳይሆን ነገሩ ካለቀ በኋላ መሆኑን የማያውቅ ሐኪም የለም።

ዐሳቡ በሌላም አገር ተፈትኗል። በአሜሪካ በሜይን፣ በኒው ሃምፕሻየርና በቨርሞንት የሚሠሩ የልብ ቀዶ ሐኪሞች በ1987 ማኅበር አቆሙ። 23ቱም ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሞቱባቸውን በሽተኞች ቍጥር ሳይሸሽጉ አቀረቡ፤ ቀጥሎም አንዱ ወደ ሌላው ሆስፒታል እየሄደ የባልንጀራውን አሠራር በዐይኑ ተመለከተ። በ1996 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፣ የሟቾች ቍጥር ከተጠበቀው በመቶ 24 ቀነሰ፤ ይሞታሉ ተብለው ከተገመቱትም 74 ሰዎች ተረፉ ማለት ነው። የሥራውም መሠረት ገንዘብ ሳይሆን መተያየት ነበር። ስኮትላንድም ከ1999 ጀምሮ የሐኪሞችን ኅብረት በመንግሥት ደንብ አጽንታለች።

እንግዲህ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኅብረት ያለ እውነተኛ ቍጥር ከንቱ ነው። በኢትዮጵያ በወሊድ የሚሞቱትን እናቶች እየመዘገቡ ምክንያቱን የመመርመር ሥርዐት በ2013 ተጀምሯል፤ ዐላማውም በደለኛ ፈልጎ ለመቅጣት ሳይሆን ሁለተኛይቱን እናት ለማዳን ነው። ነገር ግን የበላይ ሹም የሞት ወሬ በሰማ ቍጥር የሚቈጣ እንደ ሆነ፣ የበታቹ ሞቱን ሳይሆን ወረቀቱን ማሳመር ይማራል። ሽልማትም እንደዚሁ ነው፤ መልካም ለሠራ ሆስፒታል ክብር ይገባዋል፣ ዳሩ ግን የሚሸለመው ብልጫው ብቻ ሆኖ ማካፈሉ ከተረሳ፣ ጎረቤቱን እንደ ተፎካካሪ እያየ ጥበቡን ይሰውርበታል። የሚሻለው የመሪው ሆስፒታል ማዕረግ በደካማው ባልንጀራው መሻሻል ቢመዘን ነው።

ወጪ የማይጠይቅ ሥራም አለ። ደብረ ብርሃን የደረሰችው በሽተኛ ምን ሆና እንደ ነበረ፣ በምን እንደ ዳነች ወይም እንደ ሞተች፣ ለላካት ለራቤሉ አዋላጅ የመልስ ወረቀት ቢጻፍለት፣ ስልክም ቢደወልለት፣ ለሚመጣው ጊዜ ትምህርት ይሆነዋል። መልስ ያላገኘ ሰው ግን መልካም መሥራቱንም መሳሳቱንም ሳያውቅ ዓመታትን ያሳልፋል።

የካህናትም ድርሻ ቀላል አይደለም። የነፍስ አባት ማን እንደ ፀነሰች ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጸበሉም መድኃኒቱን እንደማይከለክል ከርሱ አፍ የሰማ ቤተ ሰብ ሳይዘገይ ይነሣል። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። በቤትዋ ወይም በመንገድ ላይ የሞተች እናት በሆስፒታል መዝገብ ላትገኝ ትችላለች፤ ፍትሐት ያደረሰላት ካህን ግን ያውቃታል። የሆስፒታሎቹ ኅብረት ስለ ሟቾች በሚማከርበት ጊዜ የየደብሩ አስተዳዳሪ ተጠርቶ ያወቀውን ቢናገር፣ ከመዝገቡ የጐደሉት ይቈጠራሉ፤ የዞኑና የወረዳው የጤና ሹማምንትም ይህን ጥሪ ለማድረግ ከአንድ ደብዳቤ የበለጠ አያስፈልጋቸውም።